የሲያም መዓዛ በፓሪስ ብልቃጥ

ሽቶ የሚወድ ሰው ፓሪስ ሲሄድ የትልልቆቹን ስም በልቡ ይዞ ነው። ሻኔል፣ ጌርላን፣ ዲዮር። እኔን ከቤቴ ያስነሳኝ ግን አንድ ትንሽ የሽቶ ቤት ነው፤ ፓርፉም ዱሲታ። መሥራቿም ቀማሚዋም ፒሳራ ኡማቪጃኒ ናት፤ የባንኮክ ልጅ። ፓሪስ መጥታ ቅመማውን በራሷ ጥረት ተማረች። ከጀርባዋ ግዙፍ ኩባንያ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሽቶዎች በ2016 አወጣች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) አባቷ ሞንትሪ ኡማቪጃኒ ገጣሚ ነበሩ፤ ሽቶዎቹ የሚቀርቡትም ከእሳቸው ግጥም ጋር ነው።

«የፈረንሳይና የእስያ ቅይጥ» የሚል ነገር ስሰማ እጠረጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ቅይጡ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ በአፍንጫዬ ላረጋግጥ ብዬ ቁጠባዬን አራገፍኩ። መጀመሪያ ግራስ፣ ቀጥሎ ፓሪስ፣ ከዚያ ታይላንድ። ጊዜው መስከረም ነበር፤ የጃስሚን ለቀማ ሳያልቅ መድረስ ስለፈለግኩ ነው።

ሰኞ፣ ግራስ

ግራስ ከኒስ ብዙ አትርቅም። አውቶቡሱ ግን ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ሆዴ ተገለባብጦ ነው የደረስኩት። ከተማዋ ሽቅብ የተሠራች ናት። ጠባብ መንገድ፣ ደረጃ፣ እንደገና ደረጃ።

የዓለም ሽቶ ዋና ከተማ ያደረጋት ነገር ደግሞ ግማት ነው። ግራስ ድሮ የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበረች። ቆዳ የሚፋቅበት ሰፈር አጠገብ ያደገ ሰው ጠረኑን ያውቀዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሽቶ የጠጣ ጓንት በመኳንንቱ ዘንድ ፋሽን ሆነ። የግራስ ጓንት ሠሪዎችም ቆዳቸውን በአበባ ማሽተት ጀመሩ። ቀስ በቀስ የቆዳው ሥራ ተዳከመ፣ አበባው ቀረ። ጋሊማር የተባለው የሽቶ ቤት የተመሠረተው በ1747 ነው፣ ሞሊናር በ1849፣ ፍራጎናር በ1926። ሦስቱም ዛሬ ጎብኚ ይቀበላሉ። በአንዱ ገባሁ። ማስጎብኘቱ ጥሩ ነበር፤ መውጫው ግን በሱቁ በኩል ነው፤ ሳይገዙ መውጣት ይከብዳል።

የበለጠ ጊዜዬን የወሰደው ዓለም አቀፉ የሽቶ ሙዚየም ነው። ከእንስሳት ስለሚገኙ ጠረኖች ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ዝባድ! የፈረንሳይ ቀማሚዎች ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት የነበረው ዝባድ በብዛት የሚሄደው ከእኛ አገር ነበር። ጅማ፣ ሊሙ፣ ከፋ አካባቢ ገበሬው ጥርኙን አጥምዶ ጠባብ ቆጥ ውስጥ ያስቀምጣል። በየጥቂት ቀኑ ከዕጢው እየተጠረገ የሚወጣው ቅባት በከብት ቀንድ ታሽጎ ይላካል። ንጹሑ ዝባድ ይገማል፤ እውነቱን እንነጋገር። ሲበጠበጥና ሲሳሳ ነው አበባውን ሥጋና ደም የሚያለብሰው። የእንስሳቱ አያያዝ ወቀሳ ስላመጣ ሻኔል በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ መጠቀም አቆመ። ዛሬ ብዙው በላብራቶሪ የተሠራ ነው። ለጥርኙ ጥሩ ዜና ነው። ለገበሬው ግን ምን ቀረለት የሚለውን የሚጠይቅ አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ማሳው ላይ

ገና ሳይነጋ ወጣን። ጃስሚን ሌሊት ነው የሚፈካው። ፀሐይ ከበረታች መዓዛው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለቀማው ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የግንቦቷ ጽጌረዳ የራሷ ወቅት አላት፤ ስሟ ላይ እንዳለው ነው።

ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ወገባቸው ላይ ቅርጫት አለ። አበባዋን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዘው፣ ሳይጨምቁ፣ ጠቅ አድርገው ያወጧታል። ጣት ካስጨነቃት ወዲያው ትጠቁራለች። ለአንድ ኪሎ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አበባ ያስፈልጋል። እኔም እንድሞክር ፈቀዱልኝ። ቅርጫቴ ውስጥ የገባው ቅጠል ከአበባው ይበልጥ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ ሳቀች፣ ፈረንሳይኛ ባልችልም ምን እንዳለች ገባኝ።

ድሮ አበባውን መስታወት ላይ በተቀባ ጮማ ላይ ይደረድሩት ነበር። ጮማው መዓዛውን ይጠጣል። አሁን በፈሳሽ ማሟሟያ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሰም የመሰለ ነገር ይገኛል። እሱ በአልኮል ሲታጠብ ንጹሑ ዘይት ይቀራል። በዚህ መንገድ ዛሬ ጠዋት የተለቀመች አበባ ከዓመት በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ አንገት ላይ ልትውል ትችላለች። የፈረንሳዮቹ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ አበባን ከወቅቷ አላቅቆ ማስቀመጥ። ይህን ጥበብ ዩኔስኮ በ2018 መዝግቦታል። መሬቱ ለቤት ግንባታ እየተፈለገ አበባው ግን በጣም ቀንሷል። የቀረውንም ትልልቆቹ ቤቶች በውል ይዘውታል። ሻኔል ከ1987 ጀምሮ ፔጎማ ከሚገኘው የሙል ቤተሰብ ጋር ይሠራል። ትንሽ ቤት የግራስን አበባ መጠቀም ከፈለገ የቀረውን በውድ ነው የሚያገኘው።

ረቡዕ፣ ባቡር

ወደ ፓሪስ። ረጅም መንገድ፣ ጥሩ መስኮት፣ መጥፎ ቡና።

ሐሙስ፣ ሩ ደ ላ ሱርዲዬር

ከሩ ሴንቶኖሬ ገባ ብሎ ያለ ቀጭን መንገድ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች ካሉበት ጥቂት እርምጃ ቢሆንም ጸጥ ያለ ነው። የዱሲታን ሱቅ ሳላየው አልፌ ተመለስኩ። ውስጡ ትንሽ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ከገባ ሞላ። የምታስተናግደው ልጅ አልተቻኮለችም። ወረቀት አቀረበች፣ ነፋች፣ ዝም አለች። ዝምታዋን ወደድኩት። አየር ማረፊያ ውስጥ ሽቶ ይዘው የሚያባርሩን ሻጮች ቢማሩት ጥሩ ነበር።

ኢሳራ የሚባለውን ሽቶ አስቀደምኩ። ፉዤር ከሚባለው የሽቶ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ስሙን ያገኘው ፖል ፓርኬ በ1882 ለሁቢጋን የሽቶ ቤት ከቀመመው ፉዤር ሮያል ነው። ያኔ ኩማሪን የሚባለውን፣ የደረቀ ሣር የሚሸተውን ንጥረ ነገር በላብራቶሪ ሠርቶ ሽቶ ውስጥ ማስገባት አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ፉዤር የወንዶች መላጫ ሳሙና ሆኖ ቀረ። ኢሳራ ግን ፀጉር ቤት አላስታወሰኝም። ጥድ አለበት፣ ደረቅ ሣር አለበት፣ ከሥሩ ለስላሳ ነገር አለ። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ፈረንሳያዊ ነው። ታይላንድን ፈልጌ አላገኘኋትም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። የእስያ ሰው ስለሆነች ብቻ በየጠርሙሱ የቤተ መቅደስ ደወል እንድትከት ማን ፈረደባት?

ሜሎዲ ደ ላሙር ሌላ ነው። ነጭ አበባ በነጭ አበባ ላይ፤ ቱቤሮዝ፣ ጃስሚን፣ ማር። ክፍሉን ይሞላል። ሊፍት ውስጥ ባትቀቡት ይሻላል።

በዑድ፣ ማለትም የእስያ ዛፍ በሚያመነጨው ጥቁር ሙጫ፣ የተሰየመው ኡድ ኢንፊኒ ሲመጣ ልጅቷ ፈገግ አለች። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ። ሲጀምር በረት ነው። ላም፣ ጭድ፣ እርጥብ ቆዳ። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን አንስቼ ሳሸተው ጽጌረዳዋ ከበረቱ ወጥታ ቆማለች። አሁን በየገበያ ማዕከሉ «ዑድ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ሽቶ ይህን ፊት ታጥቦ ተጸድቶ ነው የሚመጣው። እዚህ አልታጠበም። ይህን ለማድረግ ራስን ችሎ መቆም ያስፈልጋል። ሺህ ሰው ሰብስቦ አስተያየት የሚጠይቅ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ጅማሮ ገና በስብሰባው ላይ ይቆርጠዋል።

መጨረሻ ላይ ላ ዱሰር ደ ሲያም፤ ሲያም የታይላንድ የድሮ ስሟ ነው። ፍራንጂፓኒና ሻምፓካ የሚባሉ የሞቃት አገር አበቦች፣ የግንቦት ጽጌረዳ። ወረቀቱ ላይ ደግ ሽቶ ነው አልኩ፣ አለፍኩት። የአራቱንም ትንንሽ ናሙና ገዝቼ ወጣሁ። ሙሉ ጠርሙሱ ለኪሴ አልሆነም።

ቅዳሜ፣ ቬርሳይ

ጠዋት ቤተ መንግሥቱን አየሁ። የመስታወቱ አዳራሽ 73 ሜትር ይረዝማል፤ 357 መስታወት አለው። እኔን የሳበኝ ግን መስከረም 1 ቀን 1686 (አሁንም በፈረንጅ) የሆነው ነገር ነው። የሲያም ንጉሥ ናራይ መልእክተኞች እዚህ ሉዊ 14ኛ ፊት ቀረቡ። መሪያቸው ኮሳ ፓን ይባላል። የንጉሣቸውን ደብዳቤ በወርቅ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ አመጡ። በአገራቸው ልማድ ወለል ላይ ተደፍተው እጅ ነሱ። ፈረንሳዮቹ ጉድ አሉ፤ ልብሳቸውን፣ ስጦታቸውን፣ ሁሉን ነገር ሲያወሩ ከረሙ። ሁለቱ አገሮች አንዱ ለሌላው ወሬ ሆነው የቆዩት ከዚያ ጀምሮ ነው።

ከሰዓት ኦስሞቴክ። በ1990 የተከፈተ የሽቶ ቤተ መዛግብት ነው፤ የመጀመሪያው መሪ የፓቱ ሽቶ ቤት ቀማሚ የነበሩት ዣን ኬርሌዮ ናቸው። ከገበያ የጠፉ ሽቶዎችን በዋናው ቀመር እንደገና ሠርተው በ12 ዲግሪ ቅዝቃዜ ያስቀምጣሉ። አየር እንዳያበላሻቸው ብልቃጡ ውስጥ አርጎን ጋዝ ይጨመራል። ለሕዝብ የሚሰጠው ገለጻ ቀጠሮ ይፈልጋል፤ አስቀድማችሁ ያዙ። የኮቲ ቤት በ1917 ያወጣውን ሺፕር የተባለ ሽቶ ማሽተት ብቻውን ቲኬቱን ያስከፍላል።

እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አብሰለሰልኩ። ፈረንሳዮች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት «ምሥራቃዊ» የሚሉት የሽቶ ቤተሰብ ነበራቸው። ንጉሡ የጌርላን ሻሊማር ነው፤ 1925። ቫኒላ፣ ሙጫ፣ ከባድ ጣፋጭነት። ስሙ ላሆር ካለ የሕንድ ነገሥታት የአትክልት ቦታ ነው። ቫኒላው ግን ትውልዱ ሜክሲኮ፣ ያጎለበተው ደግሞ ላብራቶሪ ነው። ድንቅ ሽቶ ነው፣ አልክድም። ግን ምሥራቁ የፓሪስ ሳሎን ውስጥ የታለመ ምሥራቅ ነው፤ ሞቃት፣ ጨለም ያለ፣ መጋረጃ የበዛበት። የዱሲታ ሲያም ከዚህ ጋር እንደማይመሳሰል ጠርጥሬያለሁ። ለማረጋገጥ ባንኮክ መድረስ ነበረብኝ።

ሰኞ ሌሊት፣ ፓክ ክሎንግ ታላት

የባንኮክ የአበባ ገበያ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከሳናም ቻይ የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። አስፋልቱ ላይ የተረገጠ ማሪጎልድ፣ የቀለጠ በረዶ፣ የሞተር ጭስ።

ጃስሚኑ እምቡጥ እንዳለ በፕላስቲክ ከረጢት ከበረዶ ጋር ይሸጣል። ግራስ ላይ አበባዋን እንዳትጠወልግ ይሯሯጡላት ነበር፤ እዚህ እንዳትፈካ ነው የሚሯሯጡት። አንዲት ሴት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፑዋንግ ማላይ የሚሉትን የአበባ ጉንጉን ትሠራለች። ክንድ የሚያህል ቀጭን መርፌ ይዛለች። እምቡጦቹን አንድ በአንድ፣ ጫፋቸውን ወደ ውጭ አድርጋ ትሰካለች። እየዞረች ስትሰካ ቅርጽ ይወጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ጽጌረዳና አንድ ሻምፓካ አንጠለጠለችበት። ለመቅደስ፣ ለእናት፣ ለታክሲው መስታወት ይሆናል። ነገ ማታ ተጥሏል። ማንም አያዝንለትም፤ ሌላ ይገዛል።

እዚያው ቆሜ ላ ዱሰር ደ ሲያምን እጄ ላይ አደረግኩት። ፓሪስ ወረቀት ላይ ደግ ያልኩት ሽቶ ሌላ ሰው ሆነ። ሙቀቱ ቶሎ ያስነሳዋል፣ እርጥበቱ ደግሞ አፍንጫን ይከፍታል። አረንጓዴ፣ ውሃ የጠጣ፣ ከአበባው ይልቅ የአበባው ግንድ ጎልቶ። ቫኒላ አልሸተተኝም፣ መጋረጃ የለም። ቅይጥ የሚሉት ነገር እዚህ ጋ ገባኝ። አሠራሩ የግራስ ነው፤ ልኩ ግን ለዚህ ጎዳና ነው የተሰፋው። ኡድ ኢንፊኒን ግን በዚህ ሙቀት ሞክሬ ሰው ሸሸኝ።

ማክሰኞ፣ ናም ኦብ

በታይላንድ የድሮ ሽቶ አልኮል የለውም። ናም ኦብ ውሃ ነው። መዓዛማ ቅጠልና ቅርፊት ይቀቀልበታል፣ በጭስ ይታጠናል፣ ሌሊት ጃስሚን ይንሳፈፍበታል። በሚያዝያ፣ በሶንግክራን አዲስ ዓመት፣ ልጆች በሽማግሌዎች እጅ ላይ አፍስሰውት ምርቃት ይቀበላሉ። ዲን ሶ ፖንግ የሚባል ነጭ የአፈር ዱቄት ተቀላቅሎበት ፊትና ክንድ ላይም ይቀባል። ያቀዘቅዛል። ገላን ማቀዝቀዝ የሽቶ ሥራ ነው ብሎ የሚያስብ ፈረንሳያዊ አላጋጠመኝም።

ሥራውን ያሳዩኝ እናት የምግብ ባለሙያ ናቸው። ክሊብ ላምዱዋን የሚባል ሦስት ቅጠል ያለው አበባ የመሰለ ብስኩት ጋግረዋል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፤ ሌላ የለም። ከዚያ ቲያን ኦብ አመጡ። ከንብ ሰም፣ ከሙጫና ከመዓዛማ እንጨት ዱቄት የተሠራ፣ እንደ ቅስት የታጠፈ ሻማ ነው። ሁለቱም ጫፉ ይለኮሳል። ድስቱ መሃል ባለች ትንሽ ሳህን ላይ አቆሙት፣ እፍ ብለው አጠፉት፣ ወዲያው ከደኑት። ጭሱ ውስጥ ታፈነ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲከፍቱት ያ ተራ ብስኩት ሌላ ነገር ሆኗል። እርጎ የሚናጥበትን ቅል በወይራ እንደሚያጥኑት እናቶቻችን ነው ነገሩ፤ ጭሱ ቅመም ነው። ይህን ስነግራቸው አስተርጓሚው ቅል የሚለውን ለማስረዳት በእጁ ብዙ ተቸገረ። ብስኩቱ ግን ጥርስ ሥር ሲደቅ የዕጣን ትዝታ አለው። ስድስቱን በላሁ፤ ይሉኝታ የለኝም።

ሐሙስ፣ ትራት

ከባንኮክ ወደ ምሥራቅ በአውቶቡስ አምስት ስድስት ሰዓት፤ ወደ ካምቦዲያ ድንበር ነው። ዝናብ። የዑድ ዛፍ እርሻ አየሁ። ጤነኛው ዛፍ አይሸትም፤ ነጭና ቀላል እንጨት ነው። ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ዑድ ማለት ያ ሙጫ ነው። ስለዚህ ገበሬው ግንዱን በመሰርሰሪያ በረድፍ በረድፍ ይበሳዋል፣ ዓመታትም ይጠብቃል። የጠቆረው እንጨት ይፈጫል፣ ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ እሳት ላይ ለቀናት ይነጥራል። የዘፈዘፉበትን በርሜል ክዳን ሲያነሱልኝ የፓሪሱ በረት ፊቴ ቆመ። የልጅቷ ፈገግታ ከዚህ በርሜል ነው የመጣው።

የዱር ዛፉ ተጨፍጭፎ ሊያልቅ ስለነበር ከ2005 ጀምሮ የሁሉም ዝርያ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። መንገደኛ ለራሱ ያለ ፈቃድ መያዝ የሚችለው እስከ 1 ኪሎ ስንጥርና 24 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ለእኔ የሚሆን ትንሽ ስንጥር ገዝቼ ዝም አልኩ፤ ለቡና ጭስ ያህል ይበቃኛል።

ቅዳሜ፣ ናና

ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ የዓረቦች ሰፈር ነው። ዑድ በኪሎ የሚመዝኑ ሱቆች፣ ሺሻ፣ የባሕረ ሰላጤው ሸማቾች። ለንግድ የሚመላለሱ የእኛ ሰዎችም አይጠፉም። ምሳ ላይ ከአንዲት የመርካቶ ነጋዴ ጋር ተቀመጥኩ። ልብስ ልትጭን ነው የመጣችው። ናሙናዎቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት።

ላ ዱሰር ደ ሲያምን አሸተተች። «ሻምፑ» አለች፣ መለሰችልኝ። ስለ ሙቀትና እርጥበት ልገልጽላት ስል ኡድ ኢንፊኒን ከፍታ ነበር። አፍንጫዋን ሸበሸበች። እንደገና አስጠጋችው።

«ኧረ ይሄ ዝባድ አይደል እንዴ? እኔ እኮ የጅማ ልጅ ነኝ። አያቴ ለራስ ምታት ግንባራችን ላይ ትቀባን ነበር።»

ዑድና ጽጌረዳ ነው አልኳት።

«ይሁና። ከሥሩ ግን ዝባድ አለ። እኔን አታስተምሪኝም።»

የሙሉ ጠርሙሱን ዋጋ ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች። ከዚያ አሰበች። በጅምላ በስንት እንደሚሰጡ ጠይቄ እንድደውልላት ቁጥሯን ስልኬ ላይ ጻፈችልኝ።